ጥበብ ከመጥበብ ይመጣል? አንድ ጥያቄና 22 መልሶቹ

ነገሩ በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያለ አንድ ክር ነው፤ ጥያቄና ከሥሩ የተደረደሩ መልሶች። ክሩን የከፈተው ጽሑፍ በጥያቄ ይጀምርና ወዲያው ይፈርዳል። ጥበብ የሚለው ቃል የመጣው ጠበበ ከሚለው ግሥ ነው ይላል፤ መንገድ ጠበበ፣ ጫማ ጠበበ እንደሚባለው። ምክንያትም አለው። ሁሉን የሚነካካ ሰው ባለሙያ አይባልም፤ ባለሙያ መስኩን አጥብቦ አንድ ነገር ላይ የሙጥኝ ያለ ነው። የዓይን ሐኪም ከሌላው ሐኪም፣ ሰዓት ጠጋኝ ከሌላው ጠጋኝ የሚለየው በጠበበው መስኩ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስፔሻሊስት የምንለውን ነገር የጥንት ሰዎች በአንድ ቃል ቋጭተውት ነበር ማለት ነው። መጨረሻ ላይ፣ ግእዝ የምታውቁ አረጋግጡልኝ ብሎ ይዘጋል። አርሙኝ አላለም። ይህች ልዩነት ኋላ ላይ አስቸግራዋለች።

1ኛው መልስ አድናቆት ብቻ ነው።

2ኛው በጣም ጨዋ ነው። «እርስዎ» እያለ፣ ሐሳቡ ውብ መሆኑን አስቀድሞ መስክሮ፣ ከዚያ መሠረቱን ይነቅለዋል። አማርኛ ዛሬ በአንድ ጠ የሚጠራቸው ቃላት በግእዝ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ነበሯቸው። ብልህ መሆን፣ መራቀቅ በጠ ነው፤ ጠቢብ፣ ጥበብ። መጥበብ ግን በጸ ነው፤ ጸባብ። ለማስረጃ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ስለ ጠባቡ በር የተጻፈውን የግእዙን ቃል ያመጣል፦ «ባኡ እንተ ጸባብ አንቀጽ»። እዚያ በጠ የተጻፈ ጠባብ የለም። አማርኛ ጸን ወደ ጠ እንደሚያዞር ለማሳየትም ጾምን ጦም፣ ጸሎትን ጠሎት፣ ጸጉርን ጠጉር፣ ጽሕምን ጢም፣ ጻፈን ጣፈ ይደረድራል። ሁለቱ ቃላት የተገናኙት በአማርኛ አፍ ላይ ነው፤ ዝምድና የላቸውም።

3ኛው መልስ ለእኔ ከክሩ ሁሉ በጣም የሚያጠግበው ነው። ያው ግጭት ሌላ ቦታም እንደደረሰ ያሳያል። ሕፃኑ ጠባ እንላለን፣ መስከረም ጠባም እንላለን። የመጀመሪያው ከግእዙ ጠበወ ነው፤ ጡት ከመጥባት። ሁለተኛው ከጸብሐ ነው፤ ከመንጋት። አንድ ሰው ተነስቶ አዲሱ ዓመት የአሮጌውን ጡት ስለሚጠባ ነው ቢል የሚያምን አይጠፋም፤ የተጠበበ ተረት ሁልጊዜ ገበያ አለው። መላሹ አንድ የጆሮ ፈተናም ይጨምራል። መንገዱ ይጠባል ስንል ባ ይጠብቃል፤ ሕፃኑ ይጠባል ስንል ይላላል። ነደደና ነዳም እንዲሁ ናቸው፤ እሳቱ ይነዳል ሲባል ዳ ይጠብቃል፣ እረኛው ይነዳል ሲባል ይላላል። ፊደላችን ይህን ስለማይጽፈው ዓይን ብቻውን ሥር ፍለጋ ሲወጣ ይስታል።

4ኛው የራሱ የክሩ ከፋች ነው፤ ተመልሶ መጥቷል። ጸሐፊዎች ጸን በፀ፣ ሠን በሰ ሲያለዋውጡ ኖረው የለም ወይ፣ ታዲያ በአንድ ፊደል ልዩነት እንዴት ይፈረዳል ይላል። መቃወሚያው ቀላል አይደለም፤ 5ኛውም እንደ ቀላል አላየውም።

5ኛው መልስ ረጅም ነው፤ የቃል ሥር ሲፈለግ እጅ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። በመጀመሪያ አናባቢውን ገፍፎ ተነባቢዎቹን ብቻ መያዝ፤ ከጥበብ የሚቀረው ጥ፣ ብ፣ ብ ነው። ቀጥሎ በአማርኛ የጠፉትን ልዩነቶች እያነሱ መጠየቅ፦ ጠ ከሆነ ጸ ወይም ፀ ሊሆን ይችላል፤ ሀ ከሆነ ሐ ወይም ኀ፤ ሰ ከሆነ ሠ፤ አ ከሆነ ዐ። ሦስተኛው ደረጃ ወደ ትግርኛ መሄድ ነው። የብራና ጸሐፊ ሊሳሳት ይችላል፤ በየቀኑ የሚናገር ሕዝብ ግን ጸን ከጠ አያምታታም። ትግርኛ ጠባቡን ጸቢብ፣ ጥበብን ጥበብ ይላል፤ ነገሩ እዚያ ያልቃል። ጸሐፊዎች ያለዋወጡትም በአብዛኛው ድምፃቸው አንድ የሆነባቸውን ነው፤ ጸን ከፀ፣ ሠን ከሰ፣ ሐን ከኀ። የትርጉም ዝምድና የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው ይላል፤ ትርጉም ላስቲክ ነው፣ ወደ ወደዱት ይሳባል፣ ድምፅ ግን አይሳብም።

6ኛው አመሰግናለሁ ይላል።

7ኛው መልስ ከፋቹን ሊያድን የመጣ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ጥበብስ? እሱ ጠባብ ቅድ አይደለም ወይ፣ ከጨርቁ ስፋት አንጻር ጠባብ ስለሆነ ነው ጥበብ የተባለው ይላል።

8ኛው ሽመና የሚያውቅ ነው፤ እዚህ ክሩ ከፊደል ወጥቶ ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ይወርዳል። የቀሚስ ጥበብ አንዳንዴ ከጉልበት በታች ያለውን ሁሉ ይሸፍናል፤ ጥበብ ያሰኘው ስፋቱ አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ተራውን ሸማ ለመሥራት ድሩ ይወጠራል፣ ማጉ በመወርወሪያ ያልፋል፣ ይመታል፤ እጅና እግር ከለመዱት ዓይን ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ጥበብ ላይ ሲደረስ ግን መወርወሪያው ብቻውን አይበቃም። ሸማኔው ድሩን እየቆጠረ በጣቱ ወይም በቀጭን እንጨት ያነሳል፣ ባለቀለሙን ክር በእጁ ያስገባል፣ ከዚያ ተራውን ማግ ያሳልፋል፣ ይመታል፣ እንደገና ይቆጥራል። ቆጠራው በአንድ ድር ከሳተ ስህተቱ ያኔ አይታይም። ከብዙ ማግ በኋላ መስቀሉ ወይም አልማዙ አንድ ጎኑ ሲያዘነብል ነው የሚታወቀው፤ ያኔ ማጉን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መፍታት እንጂ መቁረጥ የለም፣ ከተቆረጠ ጨርቁ ይላላል። ባለቀለሙ ክር ከጀርባ ረጅም ሆኖ ከተንጠለጠለ ቀለበት ይይዘዋል፤ በጣም ከተጎተተ ደግሞ ሸማው ይጨማደዳል። መላሹ የሚያጠቃልለው፣ ቃሉ ልብሱ ላይ የወጣው ከዚህ ቆጠራ ነው ብሎ ነው። እግረ መንገዱንም ጥለትን ከጥበብ የምታምታቱ ተዉ ይላል፤ ማንም ሳያምታታ።

9ኛው ወደ ቃሉ ይመልሳል። ጥበብ ከጥንትም የእጅ ነው ወይስ የልብ? የጥበብ መጀመሪያ እግዚአብሔርን መፍራት ነው የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ እዚያ ጥበብ የልብ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 31 ግን ባስልኤል ጥበብ የተሞላው በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ፣ ዕንቁ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። ስለዚህ ቃሉ ሁለቱንም ይዞ ነው የመጣው። ከዚያ ዓረብኛን ያነሳል፦ ያው ጠቢብ የሚለው ቃል በዓረብኛ ሐኪም ማለት ነው። ሐኪም የሚለው ራሱ ደግሞ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻው ጥበበኛ ማለት ነው። ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ሥር፣ ሁለቱም ጊዜ ብልሁ ሰው በሽተኛ ፊት ተቀመጠ። ብልህ የሚለውንም ያክላል፤ ከግእዙ በሊሕ ነው፣ ስለታም። ቢላዋም ብልህ ነበር ማለት ነው፤ ይህን የምለው እኔ ነኝ፣ መላሹ ቀልድ የሚወድ አይመስልም።

10ኛው መልስ ነገሩን ያበላሸው ነው። ዓረብኛ ከተነሳ ብረት ቀጥቃጩ የሚሰደብበት ጠይብም ከዓረብኛ ነው፣ ጠዪብ ማለት መልካም ማለት ነው፣ ጠይብ ማለትም መልካም ሰው ማለት ነበር ይላል። አሳቡ ደግ ነው። ስድቡን ሊያጥብ የፈለገ ይመስላል።

11ኛው ይህን አላለፈውም፤ እዚህ ላይ ነው «እርስዎ» ወድቆ «አንተ» የመጣው። መልካም የሚል ቃል በምን መንገድ ሄዶ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ላይ አረፈ፣ መንገዱን አሳየኝ ይላል። የእሱ መንገድ ይህ ነው፦ ጠይብ ማለት ጠቢብ ነው፤ ያው ቃል ነው። አማርኛ በአናባቢ መካከል ያለ ብን አላልቶ ነው የሚጠራው፤ ከላላ በኋላ ወደ ው ይቀርባል፣ ው ደግሞ በኢ ፊት ወደ ይ ይንሸራተታል። ጠቢብ፣ ጠዊብ፣ ጠይብ። ብ ወደ ው ለመሄዷም ሰብእን ሰው፣ ነበረን ኖረ ያቀርባል። ትግርኛ ድምፁን ስላልለወጠ ዛሬም ብረት ሠሪውን ጠቢብ ይለዋል። ቀድሞ መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ ራሱ ያነሳል፦ ቀበረና ለበሰ ለምን ብን አልጣሉም? የሚሰጠው መልስ፣ እየተሰደረ የሚረባ ግሥ ሥሩን ይጠብቃል፣ ብቻውን የቆመ ስም ግን ማንም አይጠብቀውም ነው። ነበረ ግሥ ሆኖ ሳለ ኖረ መሆኑን ግን አልፎታል፤ እኔም ብሆን አልፈው ነበር።

12ኛው ታሪክ ያመጣል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መሳደብን ከልክለዋል፤ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ ማለት እንዲቀር። መላሹ ትኩረት የሚሰጠው አዋጁ የትኞቹን ቃላት እንደመረጠ ነው። ጠይብ የተባለው ጠቢብ ነው፤ ንጉሡ የከለከሉት ሰውን ጥበበኛ ብሎ መሳደብን ነው። አዋቂም እንዲሁ ሆኗል ይላል፤ ያወቀ ማለት ሆኖ ሳለ አዋቂ ቤት ሄደ ሲባል ማን ዘንድ እንደሄደ ሁሉም ይረዳል።

13ኛው ተቆጥቷል። ይህ ቃል የብዙ ሰው ቤት ያፈረሰ፣ ጋብቻ ያስቀረ፣ ቡዳ እየተባለ ሰው ያስገለለ ስድብ ነው፤ እዚህ እንደ ጨዋታ ማገላበጥ ምን ይባላል ይላል። 14ኛው ደግሞ የቃል ታሪክ ካልተነገረ ስድቡ እውነት መስሎ ይኖራል ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም አጭር ናቸው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

15ኛው መልስ ክሩ የሚፈልገውን ነገር ያገኘው ሰው ነው፤ ሌሎቹ ግን ወዲያው አላዩለትም። ልዩ ችሎታን ዛሬ ቢሮው ሁሉ ክህሎት ይለዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ሚኒስቴር እንኳ ተሠይሞበታል። ክህሎት ከግእዙ ክህለ ነው፤ ቻለ ማለት። ቻለ የሚለው ራሱ ደግሞ ክህለ ነው፤ ክ ወደ ች ዞሮ፣ ህ ወድቆ። ክ ወይም ኀ ወደ ች መዞሩ እንግዳ አይደለም፤ ኄርም ቸር ሆኗል። ስለዚህ ክህሎትና ችሎታ ሁለት ቃል አይደሉም፤ አንዱ በመጽሐፍ በኩል፣ አንዱ በአፍ በኩል የመጣ አንድ ቃል ናቸው። ትግርኛ ከዚሁ ሥር ለችሎታ ክእለት፣ ለባለሙያ ክኢላ አለው። ችሎታና ክህሎት በሚል ርእስ ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች ቻልና ቻል እያሉ መሆኑን ይወቁት ይላል።

16ኛው ይህን ሁሉ ትቶ ፊደል ይይዛል። በግእዝ ሕግ ንኡስ አንቀጹ፣ ማለትም መቻል እንደምንለው ያለው ቅርጽ፣ ክሂል ወይም ክሂሎት ነው፤ ክህሎት የሚባል የለም፤ ሚኒስቴሩ ራሱ ስሙን ተሳስቷል። ትክክል ነው፤ ግን ዛሬ ማንም ለማይጠራው ድምፅ ነው የሚጣላው። አማርኛ ክሂሎትን ወስዶ ሂን ሳይጠራ ኖሯል፤ ቃሉ አሁን የአማርኛ ነው።

17ኛው ለምን ሙያ አትሉም፣ ባለሙያ የሚል ቃል እያለን ሌላ ምን ያስፈልጋል ይላል። ሙያ በልብ ነው የሚለውንም ይጠቅሳል። 18ኛው ደግሞ ባለሙያ ናት ሲባል ስለ መሐንዲስ እንዳልሆነ ያስታውሳል፤ ዶሮውን 12 ብልት አድርጋ የምታወጣ ሴት ነች። ከዚህ በኋላ ክሩ ለተወሰነ ጊዜ ወጥ ቤት ገብቷል። ፈረሰኛው እንዴት ይወጣል፣ መላላጫው አጥንቱ ሳይሰበር በመገጣጠሚያው እንዴት ይለያል። ቢላዋው አጥንት ላይ ከተጫነ አጥንቱ ይሰነጠቃል፣ ስንጥሩም ወጡ ውስጥ ይቀራል፤ መገጣጠሚያው መጀመሪያ በጣት ተፈልጎ ከተገኘ ግን ቢላዋው ሳይገፋ ይወርዳል። ጥሩ ነገር ነው፤ ቦታው እዚህ አይደለም። 19ኛው የመድረኩ አስተናባሪ ነው፤ ዶሮዋ ወደ ራሷ ክር ትሂድ ብሎ አዟል። ቴክኒክና ሙያ የሚለውንም አንስቶ፣ ቴክኒክ ከግሪኩ ቴክኔ መሆኑን፣ እሱም የእጅ ሙያ ማለት ስለሆነ ሐረጉ ሙያና ሙያ እንደሚል አክሏል። ሌላውን ከአርእስት ወጣችሁ የሚለው ሰው ራሱ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል።

20ኛው ሌላ ጠብ ነው። 19ኛው በመሐል ጠበብቶች ብሎ ጽፎ ነበር። ጠበብት የጠቢብ ብዙ ቁጥር ነው፤ ላይ ላዩ ኦች መጨመር ካህናቶች፣ መምህራኖች፣ ሊቃውንቶች እንደማለት ነው ይላል። ቀጥሎም አንድ ሰው ጠበብት ሊባል አይችልም፣ አንድ ሰው ጠቢብ ነው። ሊቅና ምሁርንም ይለያል፦ ሊቅ ከልህቀ ነው፣ በዕድሜ ከላቀ፤ ምሁር ከመሀረ ነው፣ የተማረ። የመጀመሪያው ያደገ፣ ሁለተኛው የተሠራበት። በዚህ መሠረት ምሁር ነኝ የሚል ሰው አስተማሩኝ ነው ያለው፤ አወቅሁ አላለም። አነጋገሩ ይጎረብጣል፤ አስተናባሪውን በራሱ መድረክ ላይ እንደ ተማሪ ነው ያረመው።

21ኛው መልስ የ11ኛውንና የ15ኛውን ነገር አንድ ላይ ይሰፋል። ጠቢብና ጠይብ፣ ክህሎትና ችሎታ፤ ሦስተኛም ጥንድ አለ ይላል። የግእዙ እድ በአማርኛ እጅ ሆኗል፣ ድ ወደ ጅ ዞሮ። ከመጽሐፉ ቃል እደ ጥበብ ወጣ፤ በኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ በግብዣ ካርድ ላይ የሚታየው። ከአፉ ቃል ባለ እጅ ወጣ፤ አንጥረኛውንና ብረት ሠሪውን ዝቅ አድርጎ ለመጥራት። የሚሠራው እጅ አንድ ነው። ከሦስቱ ጥንዶች በሁለቱ የመጽሐፉ ቃል ክብሩን ወሰደ፣ የአፉ ቃል ስድቡን ተሸከመ፤ ችሎታ ብቻ አመለጠ። ለምን እንዳመለጠም ይናገራል፦ ጠይብና ባለ እጅ ሰውን ይጠራሉ፣ ችሎታ ግን ማንንም አይጠራም። ከዚያ በኋላ አንድ መስመር አለችው። እድ በአሌፍ አ ነው የሚጻፈው፤ በዐይኑ ዐ ዕድ ተብሎ ከተጻፈ ትርጉሙ ወንድ ነው፣ ብዙው ዕደው። ስለዚህ ዕደ ጥበብ ብሎ የጻፈ ሰው የእጅ ሥራ አላለም፤ የጥበብ ወንድ ነው ያለው። ይህ ክር የተከፈተበትን ክፍል ስም ቀና ብላችሁ አንብቡ።

የክፍሉ ስም ዕደ ጥበብ ነበር።

22ኛው መልስ የአስተናባሪው ነው። ስሙ ወደ እደ ጥበብ መለወጡን፣ በአሮጌው ፊደል የሚፈልግ ሰው ግን የቀደሙትን ክሮች ለጊዜው እንደማያገኝ ያሳውቃል። ከፋቹ ርእሱን አልለወጠም፤ ከጥያቄ ምልክቱ አጠገብ ሁለተኛ የጥያቄ ምልክት ጨምሯል።